እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የሴት ልጅ ሁለተኛው ዕድሜ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና የተከተለ መንገደኛ ጣናን በስተግራው ትቶ ጥቂት እንደ ተጓዘ ሐሙሲትን ያገኛል። ወረታ ላይ ደርሶ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ደግሞ መንገዱ ወደ ደጋው እየወጣ ከደብረ ታቦር ያደርሰዋል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ በገበያ ቀን የሚታየው ሸክም የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙው የእናቶች ነው። ከእነዚህም እናቶች መካከል ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት ያለፈው ጥቂቶች አይደሉም። እህሉን፣ እንጨቱንና ውሃውን ተሸክመው ሲወጡ ሲወርዱ ኃይላቸው አይጠየቅም። ስለ ጤናቸው በተነሣ ጊዜ ግን፣ መውለድ ካቆሙ በኋላ ጉዳዩ ያበቃ ያህል ይቆጠራል። ለሥራ ያላረጀች ሴት ለሕክምና አርጅታለች ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ይኸው ደጋ ራሱ ከወለዳቸው ሰዎች መካከል አንዲቱ፣ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከፍ ብሎ የሚጠራው እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ ታላላቅ ሥራዎቻቸውን የፈጸሙት ብዙ ሰው የሴት ዕድሜ መሸ በሚልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የእቴጌይቱን ሕይወት በአጭሩ እንተርካለን፤ ከዚሁም ጋር አያይዘን ማረጥ ስለሚባለው የዕድሜ ክፍልና ስለ ሕክምናው የታወቀውን ለአንባብያን እናቀርባለን።

የደብረ ታቦር ልጅ

ጣይቱ የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያምና የወይዘሮ የውብዳር ልጅ ናቸው። አባታቸው ስሜንን ሲገዛ ከቆየው ቤት የተወለዱ ነበሩ። ጣይቱ የተወለዱት በደብረ ታቦር እንደ ሆነ ብዙ ጸሓፊዎች መዝግበዋል። የልደታቸው ዘመን ግን በሁለት መንገድ ይነገራል። አንደኛው ወገን ነሐሴ 12 ቀን 1832 ዓ. ም. ሲል፣ ሌላው ደግሞ 1843 ዓ. ም. ገደማ ያደርገዋል። አንባቢ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በልቡ ይያዛቸው፤ ኋላ ያስፈልጉናልና።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መቀመጫ ነበረች። የጣይቱ አጎት ደጃዝማች ውቤ በ1834 ዓ. ም. ከራስ ዓሊ ጋር የተዋጉት በዚችው ከተማ አጠገብ ነው። ውቤ ድል አድርገው ገና ደስታቸውን ሳይጨርሱ ተማረኩ፤ የዘመነ መሳፍንት ነገር እንዲህ ተለዋዋጭ ነበር። በ1847 ዓ. ም. ደግሞ ደጃዝማች ካሣ ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው አጼ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የስሜኑ ቤትም ወደቀ። ጣይቱ አባታቸውን ያጡት ገና በልጅነታቸው ነበርና፣ ሹመት ማታ ተሰጥቶ ጧት በሚነጠቅበት ዘመን ውስጥ አደጉ። ሰውን መመዘን፣ ቃልን ማጤን፣ የመጣውን ሁሉ ቶሎ አለማመን የሚባለው ጠባያቸው ከዚህ የተገኘ ሳይሆን አይቀርም።

ትምህርታቸውን በጎጃም በደብረ መዊዕ ገዳም እንደ ተማሩ ይነገራል። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ማንበብና መጻፍ ብርቅ ነበር። እርሳቸው ግን ከአማርኛው አልፈው ግዕዝ ያውቁ ነበር፤ ቅኔ ይሰሙ፣ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ በፊት በጋብቻ ካለፉ በኋላ በ1875 ዓ. ም. የፋሲካ ሰሞን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከሸዋው ንጉሥ ጋር በቁርባን ተጋቡ።

ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። ይህ ነገር በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። የሴት ክብር በልጇ በሚለካበት አገር፣ ይልቁንም ዙፋን ወራሽ በሚጠብቅበት ቤት፣ አለመውለድ ሴትን ከጨዋታ ውጭ የሚያደርግ ጉዳይ ነበር። ጣይቱ ግን ከጨዋታው አልወጡም። የእኛ ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ከተማ የቈረቈሩ፣ ጦር የመሩ

በ1879 ዓ. ም. ቤተ መንግሥቱ ገና በእንጦጦ ተራራ ላይ ሳለ፣ እቴጌይቱ ለመታጠብ ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። የሜዳውን ሙቀትና ልምላሜ ወድደው በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ዛሬ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የሚኖርባት ዋና ከተማችን በዚህ ዓይነት ተቈረቈረች።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ፣ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ ቀደም ብሎ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ተንኮል ያለበት መሆኑ ታወቀ። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አማርኛ፣ ኢትዮጵያ ብትፈልግ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትላላከው በኢጣልያ በኩል ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ኢትዮጵያን በኢጣልያ ጥበቃ ሥር የሚያውል ነበር። የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ነገሩን አለሳልሶ ለማሳለፍ በደከመ ጊዜ፣ በምክሩ ጉባኤ ላይ እቢታቸውን ያጸኑት እቴጌ ጣይቱ ናቸው።

በ1888 ዓ. ም. የክተት አዋጅ በተነገረ ጊዜ እቴጌይቱ ከከተማ አልቀሩም። የራሳቸውን ሠራዊት አስከትለው ከአዲስ አበባ እስከ ትግራይ ያለውን የወራት መንገድ በበቅሎ ተጓዙ። መቀሌ ላይ ጠላት በእንዳ ኢየሱስ ምሽጉን አጠንክሮ በተቀመጠ ጊዜ፣ በመድፍና በጥይት ብቻ መግፋቱ ሰው ማስጨረስ መሆኑን አይተው የሚጠጣው የምንጭ ውሃ እንዲያዝበት መከሩ። ወታደሮቻቸውም ምንጩን ያዙ። ምሽጉ በጥማት ተጨንቆ በጥር ወር ለቀቀ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዓድዋ ጦርነት ዕለት ደግሞ በግንባሩ ተገኝተው ሠራዊቱን አበረታቱ፤ ሴቶቹንም አስተባብረው ለተዋጊው ውሃ ያስመላልሱ፣ ቍስለኛውንም ያስነሡ ነበር።

ዕድሜያቸውን እንቍጠር

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ቀደም ሲል ያስቀመጥናቸውን ሁለት ቍጥሮች እናውጣ። እቴጌይቱ በ1832 ተወልደው እንደ ሆነ በዓድዋ ጊዜ ሃምሳ ስድስተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። በ1843 ገደማ ከሆነም ወደ አርባ አምስት ደርሰው ነበር። የዛሬ ሐኪሞች እንደሚያስተምሩት አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከአርባ አምስት እስከ ሃምሳ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ቍጥሮች የትኛውንም ብንቀበል፣ የዓድዋው ዘመቻ ያረፈው በዚሁ የለውጥ ዕድሜ አካባቢ ነው። የእቴጌይቱ የሰውነት ጤና ዝርዝር የራሳቸው ነው፤ እኛን የሚያስተምረን ዘመኑ ነው። ብዙ ሴቶች አበቃሽ በሚባሉበት ዕድሜ፣ እርሳቸው በበቅሎ ላይ ተቀምጠው የጠላትን ምንጭ ያዘጉ ነበር።

ለመሆኑ ማረጥ ምንድን ነው? የሴት ልጅ የወር አበባ ከተቋረጠ አሥራ ሁለት ወር ሲሞላውና ሌላ ምክንያት ሳይኖረው ሲቀር አረጠች ይባላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ጥርስ እንደ ማውጣት፣ እንደ ጕርምስና ሁሉ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። ከማኅፀን ግራና ቀኝ ያሉት የእንቍላል ዕጢዎች ከጕርምስና ጀምሮ ኤስትሮጂንና ፕሮጄስትሮን የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጩ ነበር። ሆርሞን ማለት ከዕጢ ወጥቶ በደም የሚዘዋወርና ሌላውን የሰውነት ክፍል የሚያዝ መልእክተኛ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ይቀንሳሉ፤ መልእክቱም ይጠፋል። ማኅፀን ብቻ ሳይሆን አንጎል፣ አጥንት፣ ቆዳ፣ የደም ሥርና የሽንት ፊኛ ይህን መልእክት የለመዱ ናቸውና መጓደሉ ይሰማቸዋል።

ከዚህም የተነሣ አንዳንዷ ሴት ድንገት እንደ እሳት ወላፈን ያለ ሙቀት ከደረቷ ተነሥቶ ፊቷን ያቃጥላታል። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፤ እንቅልፍ ይነሣታል። ልቧ ይመታል፤ ሆዷ ይባባል፤ ትቆጣለች ወይም ትተክዛለች። ብልቷ ይደርቅና ግንኙነት ሕመም ይሆንባታል፤ ሽንቷም ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አንዳንዷን ግን ይህ ሁሉ ሳይነካት ያልፋል። ሕመሙ በሚጸናባት ሴት ላይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

በጣና ዙሪያ ባለው አገር፣ በፎገራና በደራ ሜዳ፣ ወባ የታወቀ በሽታ ነው። በአርባ ስምንት ዓመቷ ሌሊት በላብ የምትነቃ እናት ወባ ይዟት እንደ ሆነ ሊመስላት ይችላል፤ ሌላዋም ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ትታሽ ይሆናል። ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ ደሙን መመርመር ይገባዋል። ወባ ካልተገኘ ግን ሴትዮዋን ደህና ነሽ ብሎ መሸኘት ሳይሆን የወር አበባሽ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ የሐኪሙ ተግባር ነው። ይህች አጭር ጥያቄ ገንዘብ አታስወጣም።

ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ይብሳል። ኤስትሮጂን አጥንትን ይጠብቅ ነበርና፣ ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። ዳገት የምትወጣ፣ እንስራ የምታዝል እናት አንድ ቀን ተንሸራትታ ዳሌዋን ወይም የእጇን አንጓ ብትሰበር፣ ጥፋቱ የድንጋዩ ብቻ አይደለም። የልብና የደም ሥር በሽታም ከዚህ ዕድሜ በኋላ ይጨምራል። ስለዚህ የደም ግፊትንና ስኳርን መለካት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የሕክምናው ታሪክ

ዕጢው ያጎደለውን ሆርሞን በመድኃኒት መልክ የመተካት ሐሳብ የመጣው ባለፈው ምዕት ዓመት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 በአሜሪካ ፕሪማሪን የተባለው ክኒን ለገበያ ቀረበ፤ የተሠራውም ከእርጉዝ ባዝራ ሽንት ተጣርቶ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት መድኃኒቱ ሴትን ሁልጊዜ ወጣት ያደርጋል እየተባለ ተወደሰ። ከ1975 ጀምሮ ግን ኤስትሮጂንን ብቻውን የወሰዱ ሴቶች በማኅፀናቸው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነቀርሳ እንደሚበዛባቸው ተደረሰበት። ስለዚህ ማኅፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን እየታከለ ይሰጥ ጀመር፤ ይህም አደጋውን ገታው።

በ2002 ደግሞ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች የተካፈሉበት ታላቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ሁለቱን ሆርሞኖች በአንድነት በሚወስዱት ላይ የጡት ነቀርሳ፣ የደም መርጋትና የአንጎል ደም ሥር አደጋ ጥቂት ከፍ ብሎ በመታየቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። የጡት ነቀርሳው ጭማሪ በዓመት ከ10 ሺህ ሴቶች መካከል 8 ያህል ነበር። በአንጻሩ የዳሌ ስብራትና የአንጀት ነቀርሳ ቀንሶ ተገኘ። ወሬው በተሰማ ጊዜ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሴቶች መድኃኒቱን ጣሉ። ኋላ ነገሩ በጥሞና ሲመረመር የጥናቱ ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት እንደ ነበር ተስተዋለ፤ ብዙዎቹ ካረጡ ከዐሥር ዓመት በላይ የሆናቸው ነበሩ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው የዛሬው ትምህርት ሚዛናዊ ነው። ዕድሜዋ ከስድሳ በታች ለሆነች ወይም ካረጠች ዐሥር ዓመት ላልሞላት፣ ሙቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ለጸናባት ጤነኛ ሴት፣ የመድኃኒቱ ጥቅም አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳቱ ይበልጣል። የጡት ነቀርሳ ለያዛት፣ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ፣ የአንጎል ደም ሥር አደጋ ለደረሰባት፣ ጉበቷ ለታመመ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ለሚፈስሳት ሴት ግን አይሰጥም። መድኃኒቱ በክኒን፣ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ወይም በሚቀባ መልክ ይገኛል፤ በቆዳ በኩል የሚገባው ደም የማርጋት አደጋው ያነሰ ነው። ለብልት ድርቀት ብቻ ከሆነ በዚያው ስፍራ የሚቀባ አነስተኛ መጠን ይበቃል። ሆርሞን መውሰድ ለማይገባቸውም ሙቀቱን የሚያበርዱ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ ግን ፈጽሞ አይገባም።

አንድ ነገር በተለይ ይታወቅ። ሴት ካረጠች በኋላ እንደ ገና ደም ካየች፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ወጣትነት ተመለሰ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የማኅፀን ወይም የማኅፀን በር ነቀርሳ ምልክት ሊሆን ይችላልና ሳትውል ሳታድር መመርመር አለባት። የማኅፀን በር ነቀርሳ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይድናል።

ከመድኃኒት በፊትም ሆነ ከመድኃኒት ጋር በቤት የሚደረግ አለ። ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ለአጥንት የሚጠቅም ካልሲየም አላቸው፤ በፍስክ ጊዜ ወተትና አይብ ይጨመራል። የጧት ፀሐይ መሞቅ፣ በእግር መሄድ፣ ከትንባሆና ከመጠጥ መራቅ ይጠቅማል። የደከመውን ሰውነት ሸክም ማቅለልና ማሳረፍም የቤተ ሰቡ ፋንታ ነው።

የእቴጌይቱ የመጨረሻ ዓመታት

ወደ እቴጌ ጣይቱ እንመለስ። ከዓድዋ በኋላ ሥራቸው አልቀነሰም። በ1900 ዓ. ም. አካባቢ በአዲስ አበባ እንግዳ የሚያርፍበት ሆቴል አቋቋሙ፤ በፒያሳ የሚገኘው ይህ ሆቴል ስማቸውን ይዟል። በመጀመሪያው ቍጥር ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው፣ በሁለተኛው ሃምሳ ሰባት ገደማ ሆነው ማለት ነው። ለሕዝቡ ገንዘብ ከፍሎ ምግብ መብላት እንግዳ ነገር በነበረበት ጊዜ የንግድን ሥራ በራሳቸው አስጀመሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ከተሸነፉ በኋላ የመንግሥቱ ሥራ በአብዛኛው በእቴጌይቱ እጅ ገባ። ይሾሙ፣ ይሽሩ፣ ይፈርዱ ጀመር። በዚህ ላይ የሚነቀፍ ነገር የለም ማለት አይቻልም፤ ለሰሜን ዘመዶቻቸው ማድላታቸውን የሸዋ መኳንንት አልወደዱላቸውም። የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ጉግሣ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ማግባታቸውም ጥርጣሬውን አባሰው። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ. ም. መኳንንቱ መክረው ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑ። ውሳኔው የፖለቲካ ነበር፤ ሆኖም የተመረጠው ቅጣት ትምህርት አለው። አገር ያስተዳድሩ የነበሩት ሴት የተላኩት ወደ በሽተኛ አልጋ ነው። እስከ ዛሬም በብዙ ቤት የታመመውን ሁሉ የምታስታምመው፣ እርሷ ስትታመም ግን አስታማሚ የማታገኘው፣ ያቺው በዕድሜ የገፋችው እናት ናት።

ጣይቱ ባላቸውን እስከ መጨረሻው አስታመሙ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ካረፉ በኋላ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በጸሎት ተቀመጡ። በልብ ሕመም ታመው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ. ም. ዐረፉ። ዐፅማቸውም ከባላቸው አጠገብ በአዲስ አበባ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ይገኛል።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ጣይቱ እቴጌ ነበሩና አጃቢ፣ ደንገጡርና የፍል ውሃ ቤት ነበራቸው። የሐሙሲት ገበያ እናት ይህ ሁሉ የላትም። ስለዚህ እንደ እቴጌይቱ በርቺ ብሎ መሸኘት አይበቃትም፤ እንክብካቤውም ሊደርሳት ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ደርሰው ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ብዙ ረድተዋል። በዚያው ቤት ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠችው የሃምሳ ዓመት አያት ግን በመዝገቡ ላይ ቦታ ያስፈልጋታል።

የሕክምና ተማሪ የሆንህ ወጣት፣ ስለ ወሊድ የተማርኸውን ያህል ስለ ማረጥም ተማር። በወረዳና በዞን ወንበር ላይ የተቀመጥህ ወጣት ሹም፣ የጤና ዕቅድ ሲቀርብልህ ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በላይ ያሉት ሴቶች በየትኛው መስመር ላይ እንደ ተጻፉ ጠይቅ። አንቺም እኅቴ፣ ለበዓል ወደ አገርሽ ስትገቢ እናትሽን ስለ ጤናዋ ጠይቂያት፤ እፍረቱን አንቺ ከጀመርሽላት እርሷ ትጨርሰዋለች። መውለድ ያቆመች ሴት ገና ሠላሳ ዓመት ሊቀራት ይችላል። ሠላሳ ዓመት ከተማ ይቈረቈርበታል፤ ጦርም ይመራበታል። ያለ ሕመም እንዲያልፍላት ማድረግ ደግሞ የእኛ ዕዳ ነው።